የትኛው መስመር ይሻለናል? ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ዳታ ጥቅልና ስለ መዋጮ ቅጣታችን

(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ ሁላችሁም የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ዛሬ ግን የመጣነው ስለ ኔትወርክ ልንነግራችሁ ነው። «ይሄ የቴሌ ሠራተኞች ጉዳይ አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። የማኅበራችን መዋጮ በስልክ መክፈል ከተጀመረ ወዲህ ኔትወርክ የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል። ቁጠባ የሚገባው በስልክ ነው፣ የብድር ክፍያ የሚመለሰው በስልክ ነው፣ የስብሰባ ጥሪ የሚተላለፈውም በስልክ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ መዋጮዋን ቀኑ ካለፈ በኋላ ያስገባች አባል ትቀጣለች።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ የምትሸጥ አባላችን መዋጮዋን ሱቋ ተቀምጣ በአንድ ደቂቃ ትልካለች። ወደ ኩታበር መንገድ ገባ ብላ ከተራራው ሥር የምትኖረው አባላችን ግን ያንኑ ገንዘብ ለመላክ ዳገት ትወጣለች፤ ወጥታም ላያልፍላት ይችላል። ሁለቱም ገንዘቡን አዘጋጅተዋል፣ ሁለቱም በቀኑ ለመክፈል ፈልገዋል። አንደኛዋ ግን በቅጣት መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። ይህንን እኩል ደንብ እንለዋለን ወይ? የዛሬው ንግግራችን ወደዚህ ጥያቄ ያመራል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ኔትወርክ ሽፋን፣ ስለ ሲግናል ጥራትና ስለ ዳታ ጥቅል በደንብ እንረዳ። የማናውቀውን ነገር ማወዳደር አንችልምና።

ምርጫ መቼ መጣ?

ለረጅም ዘመን በአገራችን የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በዚህ ስሙ ሥራ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ በሳፋሪኮም የሚመራ የኩባንያዎች ጥምረት በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ አገኘ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በድሬዳዋ ሙከራ ጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወርም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09፣ የሳፋሪኮም ቁጥር በ07 ይጀምራል። ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል ይቻላል።

የገንዘብ አገልግሎቱም እንዲሁ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ተጀመረ፤ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ተከተለ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ገና አዲስ ነው። እናቶቻችን ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁበት ዕድል አልነበራቸውም። አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት ሰፈር ማንም ዋጋ አያወዳድርም።

አሁን ሱቁ ሁለት ሆኗል። ሁለት ሲሆን ግን ማስታወቂያውም እጥፍ ይሆናል። ማስታወቂያ ሰምቶ መግዛትና መዝኖ መግዛት ልዩነት እንዳለው በርበሬ የምትገዙ እናቶች ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ።

ሽፋን ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ ኔትወርክ ሽፋን ሲነገር ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለ። አንደኛው የሕዝብ ሽፋን ነው፤ ከመቶ ሰው ስንቱ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ይኖራል ማለት ነው። ሁለተኛው የመሬት ሽፋን ነው፤ ከአገሩ ስፋት ምን ያህሉ ኔትወርክ ያገኛል ማለት ነው። ሰው በከተማ ተጠጋግቶ ስለሚኖር የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ከሁለተኛው ከፍ ይላል። «ብዙውን ሕዝብ ሸፍነናል» የሚል ድርጅት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖር አባላችን ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ነገር መልክዓ ምድሩ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። የኔትወርክ ሞገድ እንደ ብርሃን ነው፤ ተራራ ሲያጋጥመው ጥላ ይጥላል። ከአንቴናው ፊት ለፊት ያለው ቤት ሙሉ ሲግናል ሲያገኝ፣ ከዚያው አንቴና በቅርብ ርቀት ግን ከጉብታው ጀርባ ያለው ቤት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ «ሰፈራችን ኔትወርክ አለው» ማለት ብቻ አይበቃም። የማን ቤት? የትኛው ክፍል? ብለን መጠየቅ አለብን።

ሦስተኛው የሞገዱ ዓይነት ነው። ዝቅተኛ ሞገድ፣ ለምሳሌ 800 እና 900 ሜጋኸርትዝ የሚባለው፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ዘልቆ ይገባል። ከፍ ያለው፣ ማለትም 1800 እና 2100 ሜጋኸርትዝ የሚባለው፣ ብዙ ዳታ ለመሸከም ይመቻል፤ ግን በርቀትና በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። በራፍ ላይ ፈጣን የነበረው ኢንተርኔት ጓዳ ስንገባ የሚጠፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ይብስበታል። እንጀራ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የደንበኛ ጥሪ የሚያመልጣችሁ ከሆነ ስልኩን በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው መብራት ነው። አንቴና በመብራት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ መጥፋቱ ሲረዝም ግን ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ኔትወርክ መፈተን ያለብን መብራት ባለበት ቀን ብቻ አይደለም።

አምስቱ መስመሮች አያታልሉን

በስልካችን አናት ላይ የሚታዩት ትንንሽ መስመሮች የሲግናልን ኃይል ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ስንት መስመር መታየት እንዳለበት የሚወስነው ስልኩን የሠራው ፋብሪካ ነው። ስለዚህ የአንዷ ስልክ 4 መስመር፣ የሌላዋ ስልክ 2 መስመር ሲያሳይ ሲግናሉ ያው አንድ ሊሆን ይችላል።

እውነተኛው መለኪያ ዲቢኤም ይባላል። በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ላይ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ሥር የሲም ካርዱን ሁኔታ ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ይህ ቀላል ነው፤ እንደ ዕዳ አስቡት። የ80 ዕዳ ከ110 ዕዳ ይሻላል። ከዜሮ በታች 80 የሚያሳይ ስልክ ጥሩ ሲግናል አለው፤ ከዜሮ በታች 110 ከሆነ ደካማ ነው፤ 120 አካባቢ ከደረሰ የለም ማለት ይቻላል። በቁጥሩ ላይ 10 ሲጨመር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። 2ጂ እና 4ጂ የሚለኩበት መንገድ አይመሳሰልም። ስለዚህ ሁለት መስመር ስታወዳድሩ 4ጂን ከ4ጂ ጋር፣ 2ጂን ከ2ጂ ጋር ይሁን።

ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ የማይሄድበት ጊዜም አለ። ይህ የመጨናነቅ ችግር ነው። አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው ልክ አለው። የገበያ ቀን ሰው ሁሉ ገበያ ውስጥ ሲሆን፣ ወይም ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ተራው ይረዝማል። የታክሲ ሰልፍ ማለት ነው፤ መንገዱ አለ፣ መኪናውም አለ፣ ግን ሰው በዝቷል። ሲግናል ደካማ ከሆነ ቦታ መቀየር ይረዳል፤ መጨናነቅ ከሆነ ግን የሚረዳው ሰዓት መቀየር ነው። ሁለቱን ለይተን ካላወቅን ጧት ላይ ልንልከው የምንችለውን ገንዘብ ማታ ዳገት እየወጣን እንታገላለን።

ሌላም ነገር አለ። ሲግናል በደከመ ቁጥር ስልኩ አንቴናውን ለማግኘት ብዙ ኃይል ያወጣል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። «ስልኬ ባትሪ አይዝም» የምትሉ እህቶች አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ኔትወርክ በሚበረታበት ቦታ አንድ ቀን አውላችሁ ሞክሩት።

ስልኩም ራሱ ይመዘን

ባለቁልፍ የሆኑት አብዛኞቹ ርካሽ ስልኮች የሚሠሩት በ2ጂ ነው። 4ጂ ሰፈራችን ገባ ቢባልም ለእነዚህ ስልኮች ምንም አይጨምርላቸውም። በሌላ በኩል ለመዋጮ ክፍያ ስማርት ስልክ ግዴታ አይደለም። ቴሌብርን *127# ብሎ በመደወል ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ዳታ አይፈልግም፤ የድምፅ ጥሪ የሚያሳልፍ ሲግናል ካለ ይሠራል።

ይህ ነጥብ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። አፕ ብቻ የለመደ ሰው እጁ ታሰረ። ስለዚህ ስማርት ስልክ ያላችሁም ብትሆኑ የኮድ አከፋፈሉን ተለማመዱ። አፑ ለምቾት ይሁን፤ ኮዱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያላት አባል ሁለቱንም ድርጅቶች መሞከር ትችላለች። ሁለተኛው ሲም ግን ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀሙበት ሊዘጋ ስለሚችል የጊዜ ገደቡን ስትገዙ ጠይቁ። ገንዘብ ያለበትን መስመር ደግሞ ከቶ አታስተኙት።

ጥቅል ስንገዛ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። የኢትዮ ቴሌኮምን ጥቅሎች *999# ላይ፣ ቀሪ ሒሳብን ደግሞ *804# ላይ ማየት እንደሚቻል ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሁለቱም ድርጅቶች የቀን፣ የሳምንትና የወር ጥቅል አላቸው። ዋጋው ስለሚቀያየር ዛሬ የምንነግራችሁ ዋጋ ነገ ላይሠራ ይችላል። የማይቀየረው ስሌቱ ነው። ስለዚህ ለልምምድ እንዲመች ራሳችን ባወጣነው ዋጋ እናስላ።

የቀን ጥቅል 150 ሜጋባይት በ10 ብር ነው እንበል። የወር ጥቅል ደግሞ 5000 ሜጋባይት በ200 ብር። በቀን ጥቅሉ አንድ ብር 15 ሜጋባይት ይገዛል። በወር ጥቅሉ አንድ ብር 25 ሜጋባይት ይገዛል። ማስታወቂያው «የወሩ ይሻላል» ይላል፤ በስሌቱም ልክ ይመስላል።

አሁን ሁለት አባላትን እናስብ። አንደኛዋ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ የዕቃዋን ፎቶ በቴሌግራም ለደንበኞቿ በየቀኑ ትልካለች። በቀን 150 ሜጋባይት ትጠቀማለች። በቀን ጥቅል ብትገዛ በ30 ቀን 300 ብር ትከፍላለች። በወር ጥቅል 200 ብር ብቻ። 100 ብር ተረፋት።

ሁለተኛዋ ዶሮ ታረባለች፤ ዳታ የምትፈልገው በወር 10 ቀን፣ እንቁላል በምታስረክብበት ቀን ብቻ ነው። በቀን ጥቅል 100 ብር ይበቃታል። በወር ጥቅል ግን 200 ብር ከፍላ 1500 ሜጋባይት ብቻ ተጠቅማ 3500ው ይቃጠልባታል። በእርሷ እጅ አንድ ብር የገዛው 25 ሜጋባይት ሳይሆን 7 ተኩል ነው። ርካሽ የተባለው ጥቅል እጥፍ አስወጣት።

መለያው ነጥብ እንግዲህ ቀላል ነው። የወሩን ዋጋ ለቀኑ ዋጋ እናካፍለው፤ 200 ለ10 ሲካፈል 20 ይሆናል። በወር ከ20 ቀን በላይ ዳታ የምትጠቀም የወሩን ትግዛ፤ ከ20 ቀን በታች የምትጠቀም የቀኑን። ዋጋው ሲቀየር ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ፤ ስሌቱ ያው ነው። ይህንን ለማድረግ ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃል።

ከዋጋው ሌላ አምስት ነገሮችን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ጥቅሉ መቼ ያበቃል? ከገዛንበት ሰዓት 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት? ማታ ገዝተን ሌሊት የሚቃጠል ከሆነ የቀን ጥቅል ሳይሆን የሰዓታት ጥቅል ገዝተናል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ኢንተርኔቱ ይቆማል ወይስ ካርዳችንን መብላት ይጀምራል? ከጥቅል ውጪ ያለው ዋጋ ሁልጊዜ ውድ ነው። ካርድ ሞልታችሁ ጥቅል ሳትገዙ ዳታ አትክፈቱ።

ሦስተኛ፣ የሌሊት ጥቅል ነው ወይስ የሙሉ ቀን? ሌሊት ለሚሠራ ሰው የሌሊቱ ርካሽ ነው። ሊጥ አቡክታ ደክሟት ለምትተኛ እናት ግን ርካሽነቱ ለሌላ ሰው ነው።

አራተኛ፣ ራሱን በራሱ የሚያድስ ነው? ከሆነ እንዴት ይቆማል?

አምስተኛ፣ የተነገረን ዋጋ ቫትን ጨምሮ ነው? 15 በመቶ በኋላ የሚጨመር ከሆነ ንጽጽራችን ሁሉ ይፋለሳል።

ስለ ካርድ ብድርም አንድ ቃል እንበል። ካርድ ሲያልቅ ተበድሮ መደወል ይቻላል፤ የአገልግሎት ክፍያ ግን አለው። ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ዳታ የሚፈስባቸውን ቀዳዳዎችም ድፈኑ። ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮን ሳንጠይቀው እንዳያወርድ ማዘዝ ይቻላል። አፖች በሞባይል ዳታ ራሳቸውን እንዳያድሱ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ዳታ የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይቆጥባል። ልጆቻቸው በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በቤሩት ያሉ እናቶች አሉን። ከልጃችሁ ጋር በቪዲዮ አታውሩ አንላችሁም፤ ፊቷን ማየት በሜጋባይት አይመዘንም። ግን ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ምስሉን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ ብትቀጥሉ ጥሪውም ይጠራል፣ ዳታውም ይበረክታል።

የሦስት ሦስት ፈተና

ታዲያ ለአንዲት አባል የትኛው መስመር ይሻላል? ማንም ከሩቅ ሊነግራት አይችልም። ራሷ ትፈትን። እኛ የምንመክረው በሦስት ቦታ፣ በሦስት ሰዓት፣ ሦስት ነገር መሞከር ነው።

ሦስቱ ቦታዎች ቤት፣ ሥራ ቦታና ገበያ ናቸው። ሦስቱ ሰዓቶች ጧት፣ ቀትርና ማታ ናቸው። ሦስቱ ሙከራዎች ደግሞ አንድ ጥሪ መደወል፣ ቀሪ ሒሳብን በኮድ ማየትና አንድ ፎቶ መላክ ናቸው። ባለቁልፍ ስልክ ያላት አባል በፎቶው ፋንታ አጭር መልእክት ትላክ። ያለፈውን ምልክት፣ ያላለፈውን ጭረት አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለተኛ መስመር የሌላት አባል ሲም ለመግዛት አትቸኩል፤ የጎረቤቷን ስልክ ቤቷ ጠርታ ትሞክር። ጎረቤትሽ ቤት የሚሠራ መስመር አንቺ ቤት ላይሠራ ይችላልና ፈተናው እቤትሽ ይሁን።

ከሁለቱም መስመር ተጠቃሚ የሆኑ አባላት ቀድመው ሞክረው የነገሩን አሉ። የአንዳንዶቹ አንደኛው መስመር ለጥሪ፣ ሁለተኛው ለኢንተርኔት ተስማምቷቸዋል። የአንዳንዶቹ ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚሮጠው መስመር ከቦሩ ሜዳ አለፍ ሲሉ ይጠፋል። የድርጅት ስም ጠርተን «ይሄኛው መጥፎ ነው» የማንለው ለዚህ ነው። ውጤቱ የአንድ ሰፈር ውጤት ነው፤ አዲስ አንቴና ሲተከልም ይቀየራል። የተሞላውን ወረቀት ለሒሳብ ክፍል ብታስረክቡን በየሰፈሩ አሰባስበን በዚህ ጽሑፍ መጽሔታችን እናወጣዋለን። አንዲት አባል የሞከረችው ለሌላዋ ይተርፋል።

ገንዘብ ስንልክ

ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ገንዘብ ስንልክ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። «አልሄደም» ብለን ወዲያው ደግመን ስንልክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ተመልከቱ፤ ከተቀነሰ ሄዷል፣ ካልተቀነሰ ድገሙት። የማረጋገጫ መልእክቱን አታጥፉት። በእሱ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር ለእኛ ደረሰኝ ማለት ነው። ባለቁልፍ ስልክ መልእክት ሲሞላበት አዲስ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቁጠባ ደብተራችሁ ላይ ገልብጣችሁ የቆየውን አጥፉ።

የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ። የሒሳብ ክፍልም አይጠይቃችሁም። «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶሻል» የሚል ጥሪ ሲመጣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አስታውሱ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? በባል፣ በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም የወጣ መስመር ይዘው የሚቆጥቡ እህቶች አሉ። ስልኩ ቢጠፋ ወይም መስመሩ ቢዘጋ የሚያስመልሰው መታወቂያው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ከባል ጋር ሰላም እያለ ይህ ነገር አይታይም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የዓመት ቁጠባ በሌላ ሰው እጅ ይገኛል። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ በስማችሁ አስወጡ። የት እንደሚኬድና ምን እንደሚጠየቅ ለማታውቁ፣ ከእኛ አንዳችን አብረናችሁ እንሄዳለን።

የምናቀርባቸው ሐሳቦች

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ ደረስን። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛው፣ መዋጮ የሚከፈልበት ጊዜ አንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ አምስት ቀን ይሁን። በአምስት ቀን ውስጥ የገበያ ቀን የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከገጠር የምትመጣ አባል ኔትወርክ ያለበት ቦታ ትደርሳለች። ማኅበሩ በዚህ የሚያጣው ገንዘብ የለም። የወሩ ሒሳብ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አምስቱ ቀን መዝገባችንን አያዛባም።

ሁለተኛው፣ ኔትወርክ በመጥፋቱ ምክንያት የዘገየች አባል ቅጣት አይጻፍባት። «ታዲያ ሁሉም ኔትወርክ ጠፋ ብላ ብታመካኝስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው የሰፈር ፈተናው የሚያስፈልገን። የትኛው ሰፈር በእርግጥ እንደሚቸገር በወረቀት ስናውቅ፣ ምክንያትና ማመካኛ ይለያያሉ። በዚያ ላይ በየሰፈሩ ካሉ አባላት አንዷ የሁሉንም መዋጮ በጥሬው ተቀብላ፣ በደብተር ፈርማ፣ ኔትወርክ ካለበት ቦታ እንድታስገባ ሊመረጥ ይችላል። ይህ ለእቁብ ሰብሳቢ የምንሰጠው ዓይነት እምነት ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ የማኅበሩ ስብሰባ ጥሪ በቴሌግራም ብቻ መሆኑ ይቅር። ባለቁልፍ ስልክ ላላቸው በአጭር መልእክት ይላክ። አጭር መልእክት በደካማ ሲግናልም ያልፋል፤ ስልኩ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ ሲከፈት ሊደርስ ይችላል። ወጪው በበጀት ይያዝ። ስብሰባ ሳትሰማ የቀረች አባል ድምፅ ሳትሰጥ የሚወሰን ውሳኔ የሁላችንም አይደለም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። የሥራ ፎቶና ቪዲዮ በየጊዜው እንድንልክላችሁ ስትጠይቁን ደስ እያለን እንልካለን፤ ሥራችንን ማሳየት ኩራታችን ነው። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ ከገጠር ለመላክ አንዲት አባል የራሷን ዳታ ታወጣለች፣ አንዳንዴም ከተማ ድረስ ትመጣለች። ስለዚህ የሪፖርት ወጪ በድጋፍ በጀት ውስጥ አንድ መስመር ይኑረው፤ ወይም ፎቶና የደብተር ቅጂ ይብቃ። ስልክ ልታበረክቱልን የምታስቡ ካላችሁም፣ ከውጭ የሚመጣ ስልክ በአገራችን የ4ጂ ሞገድ የሚሠራና ለአንድ ድርጅት ብቻ ያልተቆለፈ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡልን።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ የፈተናውን ወረቀት በር ላይ እናድላለን። ማንበብ ለማትችሉ እናቶች በሥዕል የተዘጋጀ አለ፤ ልጆቻችሁም ሊያግዟችሁ ይችላሉ። ከጉባኤው አንድ ሳምንት በፊት ብትመልሱልን ደምረን እናቀርባለን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፤ እዚህ መጠየቅ ያልፈለጋችሁ ደግሞ ሒሳብ ክፍል በራችን ክፍት ነው።